ይሄ ቡና አይደለም

ስሙኝማ። ወሬው የሚጀምረው ከአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ነው።

ጊዜው የዛሬ ሁለት ዓመት ኅዳር፣ ቡና ለቀማው የደራበት ወር ነው። ቦታው ከሚዛን ተፈሪ ወደ በበቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ስሙን የማልነግራችሁ ሰፈር። መሽቷል፤ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ተቀድቷል። ቤቱ በዕጣን ታፍኗል። ጋሼ ድንገት ስኒውን አስቀመጠና «ሳፋ አምጡልኝ» አለ። ቀረበለት፤ አስመለሰው። የወጣው ነገር ጥቁር ነው፤ ጥቁር ሆኖ ደግሞ ፍርፍር ያለ፣ ጀበናው ሥር እንደሚቀረው አተላ።

ማንም አልደነገጠም። ለምን ይደነግጣል? ሰውየው አሁን ቡና ጠጥቷል። ባለቤቱ «በባዶ ሆዱ ጠጥቶ ነው፤ ቡናውን መለሰው» አለችና ሳፋውን ልትደፋ ወደ ጓሮ ወጣች። በር ላይ የጎረቤት ልጅ አገኛት። ልጁ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ጤና የሚማር ነው፤ እናቱን ሊያይ መጥቶ ነበር። የስልኩን መብራት አብርቶ ሳፋው ላይ አጎነበሰ። ቆየ። ከዚያ ቀና አለና፣ «እትዬ፣ ይሄ ቡና አይደለም። ደም ነው» አላት።

እዚያው ነበርኩ። የቡና አገር ሰዎች ባንሆን ኖሮ ቶሎ እንደነግጥ ነበር እላለሁ እስከ ዛሬ። ጨጓራ ውስጥ የሚፈስ ደም ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ቅላቱን ያጣል፤ ይጠቁራል፣ ይፈረፈራል። የዓለም ሐኪሞች የሚሰጡት ስም ራሱ «የቡና አተላ የመሰለ ትውከት» ነው። ቡና ብርቅ በሆነበት አገር ያለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከሆዱ ቢወጣ ይጮሃል። እኛ ዘንድ ግን አተላ በየጓሮው የተደፋ ነው፤ ማን ልብ ይለዋል?

ቆይ፣ መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ነው። በ1977 ወሎ በድርቅ ስትመታ ከሰፋሪዎቹ ጋር የመጣ ነው፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ። ከዚያ ደረቅ ምድር ወጥቶ ዝናቡ የማያባራ ጫካ ውስጥ ሲገባ፣ የመጀመሪያውን ክረምት «ሰማይ የሚባል ነገር ናፈቀኝ» እያለ አሳለፈው። ቀስ በቀስ ጎደሬና ቆጮ ለመደ። ከአገሬው ከቤንቾቹ ጋር ጨሞ መጠጣት ለመደ። ጨሞ ከቡና ቅጠል የሚፈላ፣ በርበሬና ዝንጅብል የሚገባበት መጠጥ ነው፤ ያልለመደ ሰው አንድ ጉንጭ ጎንጨት ብሎ ዐይኑን ይጠርጋል። ከዚያ በበቃ ገባ። ያኔ የመንግሥት እርሻ ነበር፤ ስፋቱ ከ10,000 ሄክታር በላይ፣ ቡናው ከትላልቅ የጥላ ዛፎች ሥር። ጋሼ ለቃሚ ሆኖ ጀመረ፣ ትከሻው ሰፊ ነበርና ተሸካሚ አደረጉት።

ቡና በፈረሱላ ነው የሚቆጠረው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ። ጋሼ በጉብዝናው አምስት ፈረሱላ አንዴ አንስቶ ዳገት ይወጣ ነበር። አስሉት። ይህን ከዓመት ዓመት ያደረገ ወገብ ስድሳ ሲሞላው ምን እንደሚሆን እኔ አልነግራችሁም።

ታዲያ ጋሼ አንድም ቀን «ወገቤን» ብሎ አያውቅም። «ኩላሊቴን» ነው የሚለው። ታውቁታላችሁ፤ በአገራችን ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊት አለብኝ» ይላል፣ ሆዱን ያቃጠለው ሁሉ «ጨጓራ አለብኝ» ይላል፤ ኩላሊትና ጨጓራ የሌለው ሰው ያለ ይመስል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አንድ ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃተው። ተሸክመን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የመረመረው ባለሙያ ችኩል አልነበረም፤ እግሩን አነሳ፣ ጀርባውን ዳበሰ፣ ሽንቱን አስመረመረ። «አባባ፣ ኩላሊትዎ ደኅና ነው፤ ያመመዎት ወገብዎ ነው» አለውና ማዘዣ ጻፈ። ዲክሎፍናክ 50 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለአምስት ቀን።

አምስቱ ቀን ሳያልቅ ጋሼ ተነስቶ ሄደ። ይህን ካልነገርኳችሁ ትረካው ውሸት ይሆናል፤ መድኃኒቱ ሠርቷል። ዲክሎፍናክ መርዝ አይደለም። መገጣጠሚያው ላበጠ፣ ወገቡ ለተያዘ ሰው በልኩ ሲወሰድ የሚያስመሰግን መድኃኒት ነው። የጋሼ መከራ የሚጀምረው ከስድስተኛው ቀን ነው።

ባዶዋን ስትሪፕ አልጣላትም። እንደ መታወቂያ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ አኖራት። ባመመው ቁጥር ይዟት ገበያ ዳር ወዳለች መድኃኒት ቤት ይሄድና «እቺን» ይላል። ይሰጡታል። በሕጉ የሚዋጠውም የሚወጋውም ዲክሎፍናክ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ ነው። የገበያ ቀን ግን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሻጯ የሰፈር ልጅ ነች፣ ጋሼም ጋሼ ነው፤ ማን ማዘዣ ይጠይቀዋል? አምስት ቀን የተባለው አምስት ወር ሆነ። ከዚያ በኋላ የቆጠረም የለ።

ይህ አንዱ እጅ ነው። እጆቹን ቁጠሩልኝ።

ሁለተኛው እጅ ከአሜሪካ የተዘረጋ ነው። ታላቅ እህቴ እዚያ ነው የምትኖረው። ሰው ሲመጣ ለአጎቷ አንድ ትልቅ ጠርሙስ አድቪል ላከችለት፤ በፍቅር ነው የላከችው፣ ክፋት የለበትም። ጋሼ ያቺን ክኒን ከመድኃኒት አልቆጠራትም። የእህት ልጅ የላከችው፣ ጠርሙሱ የሚያምር፣ ቫይታሚን ቢጤ አድርጎ ያዛት፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው፤ እኛ ጋ በ400 ሚሊ ግራም የሚሸጠው፣ እዚያ በ200 የታሸገው። አይቡፕሮፌን ደግሞ የዲክሎፍናክ የሥጋ ዘመድ ነው። ሁለቱን የደረበ ሰው ሕመሙ እጥፍ አይቀልለትም፤ የጨጓራና የኩላሊት ዕዳው ግን ይደራረብበታል።

ሦስተኛው እጅ መርፌ ያዘለት። ለቀማው ሲጠና በየሳምንቱ ወደ አንድ ክሊኒክ ጎራ ብሎ ይወጋል። ያው ዲክሎፍናክ፣ 75 ሚሊ ግራም። «ክኒን እየዋጥክ መርፌ ለምን ትጨምራለህ?» ብዬ ስጠይቀው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ክኒኑ ጨጓራዬን እያቃጠለኝ ነው። መርፌው በመቀመጫ ስለሚገባ ጨጓራ አይደርስም።» ያን ቀን እኔም «ልክ ነህ» ብዬ ዝም አልኩ። የማያውቅ ሰው ሲስማማ እንዴት ፈጣን ነው!

አራተኛው እጅ ሥርዓት ያለው ነው። ጋሼ የደም ግፊት አለበት፤ በየወሩ ሆስፒታል እየሄደ ኤናላፕሪልና የሽንት ክኒን የሚሉትን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይቀበላል። እዚያ በሄደ ቁጥር «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ይሉታል። «የለም» ይላል። አልዋሸም እኮ! በእሱ ሂሳብ አድቪሏ ስጦታ ናት፣ መርፌው አይዋጥም፣ ዲክሎፍናኩ ደግሞ ሲያመው ብቻ የሚወስዳት ናት።

አራቱን እጅ አንድ ላይ ያየ ሰው አልነበረም። እኔም አብሬው እየኖርኩ አላየሁም።

አሁን ጋሼን እሳፋው አጠገብ ትተነው አንድ አፍታ ወደ ፈረንጅ አገር እንሂድ። አስፕሪን በፈረንጆች 1899 ገበያ ላይ ወጣ። ሰባ ዓመት ሙሉ ዓለም እየዋጠው፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም። በ1971 ጆን ቬን የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ደረሰበት፤ በ1982ም ኖቤል ተሸለመበት። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ሲጎዳ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይሠራል፤ ሕመሙን፣ እብጠቱን፣ ትኩሳቱን የሚያነሳሱት እነሱ ናቸው። አስፕሪንና ዘመዶቹ የእነሱን መሠሪያ ይዘጉታል፤ ሕመሙ ይቆማል።

ችግሩ ፕሮስታግላንዲን ሥራው ሕመም ማሳወቅ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጨጓራ የራሱ አሲድ እንዳይበላው ግድግዳውን የሚሸፍን ዝልግልግ ነገር የሚመነጨው በእነሱ እርዳታ ነው። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ወደ ኩላሊት የሚገባው የደም ሥር እንዳይጠብ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው። እስቲ አስቡት፤ ከአንድ ዋና ቧንቧ ሦስት ቤት ውኃ ይቀዳል። አንዱ ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ግቢው ጭቃ ሆነ። እናንተ ሄዳችሁ ዋናውን መዝጊያ ጠረቀማችሁት። ጭቃው ደረቀ፣ እሰየው፤ ሁለቱ ጎረቤቶች ግን ውኃ ጠማቸው። መዝጊያው በአፍ ተዋጠ፣ በመቀመጫ ተወጋ፣ የሚዘጋው በደም ዞሮ ያንኑ ነው። የጋሼ የመርፌ ጥበብ እዚህ ላይ ፈረሰች። ምግብ በልቶ መዋጥም ማቃጠሉን ያበርድ ይሆናል እንጂ ቁስለቱን አይከላከልም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መድኃኒቱ ሕመም ገዳይ ስለሆነ ቁስሉ ራሱ ላያም ይችላል። ጨጓራ ሳይጮህ ይደማል።

ወደ ሳፋው ተመለስን።

በዚያች ሌሊት ባጃጅ፣ ከዚያ የሰው መኪና፣ እንደምንም ሚዛን ገባን። ተረኛዋ ወጣት ሐኪም የጋሼን የታችኛውን የዐይን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየች፤ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኗል። «አባባ፣ ሰገራዎ ምን ይመስላል?» አለችው። ጋሼ በእህቱ ልጅ ፊት፣ በልጅ እግር ሴት ፊት፣ እንዲህ ያለ ነገር ሊመልስ! ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቆይቶ «ጥቁር ነው» አለ። «እንደ ሬንጅ። ሁለት ሳምንት ሆነው። ጎመን የበላሁት መስሎኝ።» ልጅቷ ፊቷን አላጠቆረችበትም። ደም እንዲመጣ አዘዘች፤ የእህት ወንድም ልጆች ተሰልፈን ሰጠን።

ሲነጋ ወደ እኔ ዞረችና፣ «ቤት ሂድና ያለውን መድኃኒት ሁሉ አምጣልኝ» አለች። «የሚዋጥ፣ የሚቀባ፣ የሚጠጣ፣ ከዘመድ የተላከ። ይሄ ምንም አይደለም ብለህ የምትተወው እንዳይኖር።» በጥቁር ፌስታል ሞልቼ ተመለስኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ዘረገፈችው። የክኒን ካርድ፣ ግማሽ የደረሰ የአድቪል ጠርሙስ፣ የክሊኒኩ የመርፌ ካርድ፣ የግፊቱ መድኃኒት። እንደ ቡና ለቃሚ ታበጥረው ጀመር። ዲክሎፍናኩን፣ አድቪሉንና የመርፌ ካርዱን ወደ አንድ ጎን ሰበሰበችና «ይሄ አንድ መድኃኒት ነው» አለች።

«ሦስት ነው እኮ» አልኳት።

«ስሙ ነው ሦስት።»

ቀጥላ የግፊቱን ሁለት መድኃኒቶች ከዚያ ክምር አጠገብ ደረደረች። ኤናላፕሪል ለብቻው ጥሩ ነው፤ የሽንት ክኒኑም ጥሩ ነው። በላያቸው ላይ የዲክሎፍናክ ዘር ሲጨመር ግን ሦስቱ ተጋግዘው ኩላሊት ላይ ይወድቁበታል፤ ግፊቱም እንደታሰበው አይወርድም። ላብ፣ ተቅማጥ፣ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ቡና ሲሸከም የሚውል ሰው ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ ጠይቁት። የደም ምርመራው ውጤት መጣ፤ ክሬአቲኒኑ ከፍ ብሏል። ኩላሊቱ ተጎድቷል።

ጋሼ ትራሱ ላይ እንደተጋደመ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አላልኳችሁም? ስንት ዓመት ሙሉ ኩላሊቴን ስል!»

ሐኪሟ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ አልለየሁም።

ሲረጋጋ ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ጨጓራ ውስጥ የሚያይ ካሜራ፣ ወዳለበት ጅማ ላኩን። ሚዛን፣ ቦንጋ፣ ጎጀብ፣ ጅማ፤ መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በካሜራው ቁስለቱ ታየ። ኤች ፓይሎሪ የሚሉት ጀርምም ተገኘበት። ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ሲባል ሐኪሞች ራሳቸው ያልቀበሉበት ጊዜ ነበር፤ ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ጀርሙን ጠጥቶ ራሱን አሳመመ፣ በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተቀበለ። ይህ ጀርም በአገራችን ብዙ ሰው ሆድ ውስጥ አለ። ጀርሙ ለብቻው ጨጓራን ያቆስላል፣ ዲክሎፍናክም ለብቻው ያቆስላል፤ ሲገናኙ ግን ጉዱ ሌላ ነው። ጋሼ የጀርሙን መድኃኒት ጨረሰ፣ ኦሜፕራዞል ተጨመረለት፣ ዲክሎፍናክና አድቪል ዳግመኛ እንዳይነካ ተከለከለ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ተገኘ። የጋሼን ታሪክ ነገርኩት፤ ለካ እሱ ዘንድ የባሰ አለ። በ1990ዎቹ የሕንድ ጥንብ አንሶች እንደ ቅጠል መርገፍ ጀመሩ። ከመቶው ዘጠና አምስቱ፣ በአንዳንዱ ዝርያም ከዚያ በላይ አለቁ። አንዱ በሽታ ነው ሲል ሌላው ረሃብ ነው ሲል ዓመታት አለፉ። በ2004 ምክንያቱ ታወቀ፤ ዲክሎፍናክ። ገበሬው ላሟ ስታነክስ ዲክሎፍናክ ያስወጋታል፣ ላሟ ስትሞት አሞራው ሥጋዋን ይበላል፣ የአሞራው ኩላሊት በጥቂት ቀን ውስጥ ሥራ ያቆማል። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከለከሉት። የሰው ኩላሊት እንደ አሞራ ኩላሊት በቀላሉ አይረታም፤ ያ ባይሆን ግማሻችን ዛሬ የለንም። ጋሼ ዐይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ቆይቶ «አሞራውስ ማዘዣ አልነበረውም፤ እኔ ማዘዣ ነበረኝ» አለ።

ስለ ልብም ላንሳ፣ በአጭሩ። ጨጓራ የማይነካ ተብሎ የተሠራ ቫዮክስ የሚባል የዚሁ ወገን መድኃኒት ነበር። ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው ወስዶታል። ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ እንደሚያበዛ ሲረጋገጥ ሠሪው መርክ በመስከረም 2004 በፈረንጆች ከገበያ አነሳው። በ2013 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ዲክሎፍናክም፣ በተለይ በከፍተኛ መጠንና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ፣ የልብ አደጋው ለቫዮክስ ዓይነቶቹ የቀረበ ነው ብለው የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም የእግር ደም ሥር መጥበብ ያለበት ሰው እንዳይወስደው አሳሰቡ።

እንደ ቴፒ ባለ የቡና አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ወባ። በፈረንጆች 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ለለቀማ ከደጋ የሚመጣ ወጣት ራሱንና ወገቡን ሲፈልጠው «ሥራው ነው» ይላል፤ አንዲት ክኒን ይውጣል፣ ትኩሳቱ ለጥቂት ሰዓት ይበርድለታል፣ ተሻለኝ ብሎ ወደ ቡናው ይገባል። ወባው ግን ሥራውን አላቆመም። ወባ ሲጠና ለብቻው ኩላሊት ይጎዳል፤ ላብና ትውከት ውኃውን ያሟጥጡታል፤ በላዩ ዲክሎፍናክ። በወባ አገር ትኩሳት ላለበት ሰው መጀመሪያ የጣት ደም ምርመራ ነው፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል።

ከጅማ ስንመለስ መድኃኒቱን የሰጠን ፋርማሲስት ወረፋው ረጅም ሆኖ ሳለ ጋሼን አስቀምጦ አጫወተው። የሰማሁትን እንደሰማሁት ላቀብላችሁ። መጀመሪያ ፓራሲታሞል ሞክሩ አለ፤ እሱም ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ክኒን፣ አይለፍ፤ ለሚጠጣ ሰው ደግሞ ከዚያ በታች፣ ጉበት አለና። ጉልበት ወይም ጣት ከሆነ የሚቀባው ጄል አለ፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ይሻላል። ዲክሎፍናክ የግድ ከሆነ በትንሹ መጠን፣ ለአጭሩ ጊዜ። ክኒኑም መርፌውም ተደምሮ በቀን ከ150 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ መርፌው ከሁለት ቀን በላይ አይቀጥልም። በማያውቅ እጅ ከተወጋ ደግሞ የእግር ነርቭ ይነካል፤ እግር ይዞ የሚቀር ሽባነት ያመጣል። ዕድሜው የገፋ፣ ጨጓራው ቆስሎ የሚያውቅ፣ ኩላሊት፣ ልብ ወይም ግፊት ያለበት፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይጠይቅ አይዋጥ። ነፍሰ ጡር ከአምስተኛው ወር ወዲያ ሐኪም ካላዘዘላት አትንካው፤ የፅንሱን ኩላሊትና ልብ ይነካል። አስም ያለበትም ይጠንቀቅ፤ አንዳንዱን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። አረቄና ጠጅ በላዩ አይሁን። ለልቡ አስፕሪን የታዘዘለት ግን ይህን ሰምቶ በራሱ እንዳያቆም፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚያ የካርዱን ጀርባ ገልብጦ አሳየው። ከፊት በትልቁ የተጻፈው የፋብሪካው ስም ነው፣ በየአገሩ ይለያያል። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ፦ ዲክሎፍናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ፒሮክሲካም፣ ሜሎክሲካም። ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ከአንድ ቤት ሁለት አትጥሩ አለ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትውከት የቡና አተላ ከመሰለ፣ ሽንት ካነሰ፣ ፊት ወይም እግር ካበጠ፣ ደረት ከጨመደደ፣ እዚያው አቁሞ ወደ ሕክምና። የመድኃኒት ጉዳት የደረሰበት ወይም ያለ አግባብ ሲሸጥ ያየ ሰው ደግሞ በ8482 ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ ደውሎ መናገር ይችላል።

ጋሼ ዛሬ አለ። የክሬአቲኒኑ ነገር ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ በየሦስት ወሩ ይታያል። ሸክም ትቶ የማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ያገላብጣል፣ ጎንበስ ቀና ሳይል፣ ቆሞ። ወገቡን አሁንም ያመዋል፤ ይህን አልደብቃችሁም። ባለቤቱ ማታ ማታ ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክራ ትተኩሰዋለች፣ ፓራሲታሞሉን ይውጣል፣ ያመዋል፣ ይተኛል። ያቺ ጥቁር ፌስታል ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተሰቅላለች፤ የሚወስደው ሁሉ እሷ ውስጥ ነው፣ ሆስፒታል ሲሄድ እንዳለች አንጠልጥሏት ይሄዳል። እናንተም ቤት ያረጀ ፌስታል አይጠፋም።

እህቴ ነገሩን ስትሰማ ስልክ ላይ አለቀሰች። «እኔ ነኝ የገደልኩህ» አለችው። ጋሼ ተቆጣት፤ መሞቱን ማን ነገረሽ አላት። ታዲያ ምን ልላክልህ ስትለው ትንሽ አሰበና «ካልሲ» አለ። ዘንድሮ የመጣለት ስድስት ጥንድ ካልሲ ነው።